ረጅም ዙም ካሜራ ይዞ መሀል አዲስ አበባን መዞር፦ ሦስት ዓመት ያየሁትን ልንገራችሁ፣ እናንተም ጨምሩበት

አራት_ኪሎ_ማለዳ (ክሩን የጀመረው)

ሰላም ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ።

እዚህ ስለ ረጅም ዙም ካሜራ ሰው በጠየቀ ቁጥር የሚሰጠው መልስ አንድ ነው። «ሴንሰሩ (ብርሃኑን የሚቀበለው ቺፕ) ትንሽ ነው፣ ተወው።» እኔ ኒኮን ፒ900 ከያዝኩ ሦስት ዓመት አለፈኝ። ከሥራ በፊት ጠዋት ጠዋት፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ እስከ ረፋድ፣ ከአራት ኪሎ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ለገሃር እያልኩ በእግሬ እዞራለሁ። «ተወው» የሚለው መልስ ብዙ ሰው ጥሩ ነገር እንዲያልፈው ያደረገ ይመስለኛል። ካሜራው የማይችለውንም በደንብ አይቻለሁ። ሁለቱንም ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ለማያውቁት። ፒ900 በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። ሌንሱ አይነቀልም። ዙሙ 83 እጥፍ ነው፤ በፉል ፍሬም (የ35 ሚሊሜትር ፊልም ያህል ስፋት ባለው ሴንሰር) ስሌት ከ24 ሚሊሜትር ተነስቶ 2000 ይደርሳል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ሩቁ ይቀርባል። 16 ሜጋፒክስል ነው። ሮው (ካሜራው ያልነካው ጥሬ ፋይል) የለውም፣ ጄፔግ ብቻ ነው የሚሰጠው። ክብደቱ 900 ግራም አካባቢ ስለሆነ ትከሻ አይጎዳም።

እንደገዛሁት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት አዝኜ ነው ያሳለፍኩት። መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ፣ በስድስት ሰዓት ፀሐይ፣ እንጦጦን በሙሉ ዙም አነሳሁ። የወጣው ምስል ውሃ ውስጥ የተነከረ ይመስላል። ዛፍ ከዛፍ አይለይም። ሃምሳ ጊዜ ሞከርኩ፣ ሃምሳውም ያው። ካሜራው የተበላሸ መስሎኝ አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ሰውየው «ሌንሱን አጽድቼልሃለሁ» ብሎ ገንዘቤን ተቀበለኝ። ምንም ለውጥ የለም። ያኔ ልሸጠው ነበር።

ከዚያ በነሐሴ፣ ሌሊቱን ሲዘንብ ያደረበት አንድ ጠዋት፣ አንድ ሰዓት ሳይሞላ እዚያው ደረጃ ላይ ደረስኩ። ያንኑ ተራራ አነሳሁ። የባሕር ዛፉ ግንድ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ነጭ ነጩ ቅርፊት ሳይቀር ይታያል። ለካ ካሜራው ምንም አልሆነም። ችግሩ አየሩ ነበር።

ፀሐይ አስፋልቱንና ቆርቆሮውን ስታሞቀው ሞቃት አየር ወደ ላይ ይነሳል። ከቀዝቃዛው ጋር ሲደባለቅ ብርሃኑን ወዲያና ወዲህ ያጥፈዋል። በባዶ ዓይን አይታወቅም። በ2000 ሚሊሜትር ግን እያንዳንዷ ንቅናቄ ገዝፋ ትወጣለች። ይህን የሚያስተካክል ሌንስ የለም፣ በምንም ዋጋ። የፒያሳን ቆርቆሮ ጣሪያዎች አሻግራችሁ በአምስት ሰዓት ስታነሱ የምታዩት መንቀጥቀጥ ይኸው ነው።

ስለዚህ አሁን ዙሙን የማዞረው ቅርብ ወዳለ ትንሽ ነገር ነው። 20 ሜትር ላይ ወዳለች ወፍ። ጣሪያ ጫፍ ላይ ወዳለ መስቀል። በ1923 ዓ.ም. ወደቆመው የምኒልክ ሐውልት፣ ወደ ፈረሱ አፍንጫ ቀዳዳ። እዚያ ርቀት ላይ አየሩ ገና ምስሉን አላበላሸውም። ከእናንተ መካከል ይህን ዓይነት ካሜራ የያዘ እንዴት እየሠራበት እንደሆነ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።


አዲስ_ጀማሪ

ወንድሜ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔ ካኖን ኤስኤክስ50 አለኝ፣ ያገለገለ ነው የገዛሁት። እስከ 1200 ይሄዳል። የእኔ ችግር ሌላ ነው። ወፏን አያታለሁ፣ ካሜራውን አነሳለሁ፣ ዙም አደርጋለሁ፣ ወፏ የለችም። ቅጠል ብቻ። ፈልጌ እስካገኛት በርራለች። ደግሞ ካገኘኋትም ትደበዝዛለች። ትራይፖድ ልግዛ?


ጭልፊት

አዲስ ጀማሪ፣ ይህ የሁላችንም ችግር ነበር፣ አይዞህ።

ሙሉ ዙም አድርገህ አትፈልግ። መጀመሪያ ሰፊው ላይ ሆነህ ወፏን መሀል አድርጋት። ከዚያ ቀስ እያልክ ግባ፤ እየገባህ መሀል ላይ አቆያት። ካመለጠችህ ትንሽ ውጣና እንደገና ግባ። ካኖኑ ይህን የሚሠራልህ ቁልፍ አለው። ስትጫነው ዙሙ ወደ ኋላ ይወጣል፣ የት እንዳለህ ታያለህ፣ ስትለቀው ወደነበረበት ይመለሳል። ኒኮኑም ከሌንሱ ጎን አለው። ብዙ ሰው ካሜራውን ዓመት ይዞት ያንን ቁልፍ አንድ ቀን ሳይነካው ይኖራል። እኔ ጣቴ ከእሱ አይለይም።

ሁለቱንም ዓይንህን ከፍተህ ተለማመድ። ቀኙ ቪውፋይንደሩ (ዓይንህን የምታስጠጋበት መስኮት) ውስጥ፣ ግራው ውጭ። መጀመሪያ ያዞራል። ከሳምንት በኋላ ወፏ ወዴት ልትሄድ እንደሆነ በግራው ታያለህ።

መለማመጃ ከፈለግህ ሉካንዳ ቤት ያለበት ሰፈር ሂድ። ጭልፊቶቹ ጠዋት ሥጋ ሲወርድ ከላይ ይዞራሉ፣ ከዚያ ምሰሶ ላይ ያርፋሉ። ሰው ለምደዋል፣ ቶሎ አይበሩም። ምንቃራቸው ቢጫ ነው። የተቀመጠችውን በደንብ ሳታነሳ የምትበረውን አትሞክር። እኔ የምትበር ጭልፊት ጥርት አድርጌ እስካነሳ ስምንት ወር ፈጅቶብኛል።

መደብዘዙ ከእጅህ ይሆናል። በ1200 እየሠራህ ሹተርህ (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/100 ሰከንድ ከሆነ ማረጋጊያው ለተቀመጠ ነገር ይረዳሃል። ወፍ ግን ራሷ ትንቀሳቀሳለች። ቁራ ጭንቅላቱን ሳያንቀሳቅስ አንድ ሰከንድ አይቆይም። ለእሱ 1/500ና ከዚያ በላይ ያስፈልግሃል። ለዚያ ደግሞ ብርሃን።


አራት_ኪሎ_ማለዳ

ጭልፊት እንዳለችው ነው። ስለ ትራይፖዱ ግን አንድ ነገር ልጨምር። መሀል ከተማ ላይ ትራይፖድ ስትዘረጋ ሰው ይሰበሰባል፣ ዘበኛም ይመጣል። እኔ ከጨርቅ ትንሽ ከረጢት አሰፋሁ፣ ሽንብራ ሞላሁበት። አጥር ላይ፣ የድንጋይ ግንብ ላይ፣ የአግዳሚ ወንበር መደገፊያ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ሌንሱ ሽንብራው ውስጥ ይሰምጥና ጸጥ ይላል። ከዚያ የሁለት ሰከንድ ታይመር አድርጌ እጄን አነሳለሁ። በ1/60 ሙሉ ዙም ጥርት ያለ ምስል አግኝቼበታለሁ፣ የማይንቀሳቀስ ነገር ከሆነ። እናቴ ሽንብራው ነቀዝ እንዳይገባበት በየጊዜው ታሰጣልኛለች።

አይኤስኦ (ካሜራው ብርሃኑን የሚያጎላበት መጠን) ከ400 በላይ አላወጣም። ብርሃን ጠፍቶ ግድ ከሆነ 800። ከዚያ በላይ የወፏ ላባ ቀለም የተቀባ ጭቃ ይሆናል።


ጋሽ_ፊልም

ልጆች፣ እንደምን ናችሁ። ውይይታችሁን በደስታ ነው ያነበብኩት። ግን እንደ ሽማግሌ አንድ ነገር ልናገር።

እኔ ፒያሳ ላይ በፊልም ካሜራ፣ በ50 ሚሊሜትር ሌንስ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ አንስቻለሁ። ሰው ላነሳ ስፈልግ ሄጄ ሰላም እላለሁ። ሻይ እንጠጣለን። ከዚያ ነው ካሜራው የሚወጣው። ዛሬ የማየው ግን ወጣቱ ከመንገድ ማዶ ሆኖ ሊስትሮውን፣ ቆሎ ሻጯን፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ የተቀመጡትን አረጋውያን በረጅም ዙም እየሰረቀ ነው። እነሱ አያውቁም። ምስሉ ላይ ዓይናቸው ማንንም አያይም። ይህ ያሳዝነኛል። ዙም ረዘመ ማለት መጠየቅ ቀረ ማለት ነው ወይ?


አራት_ኪሎ_ማለዳ

ጋሼ፣ ያሉት ልክ ነው። ይህን ስላነሱልኝ አመሰግናለሁ።

የራሴን ልናገር። መጀመሪያ ሰሞን እኔም እንዲሁ አድርጌያለሁ። አንድ ቀን ከማዶ ሆኜ ጀበና የምታጥብ ሴት አነሳሁ። ምስሉ አምሮልኝ ነበር። በማግስቱ ወስጄ አሳየኋት። አየችው፣ ቀና ብላ አየችኝ፣ «ትላንት የት ሆነህ ነው?» አለችኝ። ማዶውን አሳየኋት። ሌላ ምንም አላለችም፤ ፊቷ ግን ተዘጋ። ምስሉን ፊቷ ላይ አጠፋሁት። ከዚያ ወዲህ ሰው በሙሉ ዙም አላነሳም። ሰው ከፈለግሁ 50 ወይም 85 ላይ አድርጌ ቀርቤ እጠይቃለሁ። ካሜራው ያንንም ያነሳል፣ እዚያ ላይ ሌንሱም ጥሩ ነው።

በዓል ግን ሌላ ነው ብዬ አስባለሁ። በጥምቀት ታቦቱ ሲወጣ እኔ ቀርቤ መጋፋት አልፈልግም። ከራቅሁበት ሆኜ የካህናቱን ጥላ፣ የጽናጽሉን እጅ ባነሳ ለሥርዓቱም አክብሮት ነው። እርስዎ ምን ይላሉ?


ጋሽ_ፊልም

ለበዓሉ እስማማለሁ። እኔም ጃን ሜዳ ላይ በጥምቀት እየተጋፋሁ ካህን ፊት የቆምኩባቸው ዓመታት ነበሩ። ዛሬ ሳስበው ጥሩ አልነበረም። የጀበናዋን ሴት ስለነገርከን ግን ተባረክ።


የዶሮ_ማነቂያ_ልጅ

ስለ ዘበኛ ተነስቶ አልፏል፣ እኔ ግን በደንብ እንድናወራበት እፈልጋለሁ። ባለፈው ወር አንድ መሥሪያ ቤት አጥር ላይ የተቀመጠች ወፍ እያነሳሁ ነበር። ዘበኛው መጣና ካሜራውን ያዘኝ። ግማሽ ሰዓት አቆመኝ። ምስሎቼን በሙሉ አስጠፋኝ፣ የዚያን ጠዋት የሌላ ቦታዎቹን ጭምር። ወፍ ነው ብለው ማን ይስማኝ። እንዲህ ያለ ረጅም ሌንስ ሲያዩ ሌላ ነገር ነው የሚመስላቸው።


ጭልፊት

በጣም ያሳዝናል። በእኔም ደርሷል። አሁን የማደርገውን ልንገርህ።

ከቤተ መንግሥቱ አጥር ዙሪያ፣ ከኤምባሲና ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ፊት ካሜራ አላወጣም። ወፏ ምንም ብትሆን። ሌላ ቦታ ስደርስ መጀመሪያ ዘበኛውን ፈልጌ ሰላም እለዋለሁ። «ወፍ ነው የማነሳው፣ ያቺን» ብዬ በጣቴ አሳየዋለሁ። ከዚያ አንስቼ ስክሪኑን አሳየዋለሁ። ብዙዎቹ ሲያዩት ፊታቸው ይፈታል። አንዱማ ጋጋኖ የምትባለዋ፣ ጠዋት ጠዋት እየጮኸች የምታልፈዋ ረጅም ምንቃር ያላት፣ ግቢው ዛፍ ላይ እንደምታድር ነግሮኝ ማታ እንድመለስ ቀጠረኝ። ሄድኩ፣ አገኘኋት። ከአንገቷ ሥር የምትንጠለጠለዋን ሥጋ በዓይኔ ያየኋት ያን ቀን ነው።

ሁለት ካርድም ያዝ። ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ስትሄድ ቀይር። አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይተርፋል።


የዶሮ_ማነቂያ_ልጅ

የካርዷን ነገር አላሰብኩበትም ነበር። እህቴ ተባረኪ።

አሁን ደግሞ ጥያቄ። ካሜራዬን ልቀይር ነው። ውጭ ያለች አክስቴ ልትልክልኝ ነው፣ አንዱን ምረጥ ብላኛለች። ኒኮን ፒ1000 ወይስ ሶኒ አርኤክስ10 ማርክ 4? ፒ1000 እስከ 3000 ይሄዳል። ሶኒው 600 ላይ ይቆማል። 3000ን ትቶ 600 መውሰድ ከበደኝ።


ባለ_ካልኩሌተር

ይህ የምወደው ጥያቄ ነው፣ ትንሽ ቁጥር ታገሡኝ።

3000፣ 2000፣ 600 የምንላቸው በፉል ፍሬም የተሰሉ ናቸው። እውነተኛው የሌንስ የትኩረት ርዝመት ሌላ ነው። ፒ900 በሙሉ ዙም 357 ሚሊሜትር ነው፣ ኤፍ 6.5። ኤፍ ማለት ይህ ርዝመት ለብርሃን መግቢያው ስፋት ሲካፈል የሚወጣው ቁጥር ነው፤ ሲያንስ ብርሃኑ ይበዛል። አካፍሉት፣ የብርሃን መግቢያው 55 ሚሊሜትር ይመጣል። ሶኒው 220 ሚሊሜትር ነው፣ ኤፍ 4። አካፍሉት። እሱም 55! ማለት አንዲት ቅርንጫፍ ላይ ካለች ወፍ ሁለቱ የሚሰበስቡት ብርሃን እኩል ነው። ይህን ሳሰላው በጣም ነው የገረመኝ። ፒ1000 ደግሞ 539 ለ8፣ 67 ሚሊሜትር ይሆናል።

ስለዚህ ለትንሽና ሩቅ ወፍ ኒኮኖቹ ይበልጣሉ። የሶኒውን ምስል ወደ 2000 ክሮፕ ብታደርጉት (መሀሉን ብቻ ብትቆርጡት) ከ20 ሜጋፒክስሉ የሚተርፋችሁ ወደ 2 ገደማ ነው። ግን የኒኮኑንም 16 ሙሉ በሙሉ አትመኑት። የአንዱ ፒክስል ስፋት 1.3 ማይክሮሜትር አካባቢ ነው። በኤፍ 6.5 የብርሃን ነጥብ ራሷ ከዚያ ብዙ እጥፍ ሰፍታ ነው የምታርፈው። ሌንሱ ምንም ጥሩ ቢሆን ፊዚክሱ አይለቀውም። ሰፊው ላይ ኤፍ 2.8 የነበረው ዙሙ ጫፍ ላይ ኤፍ 6.5 ሲሆን፣ ብርሃኑ ከአምስት እጥፍ በላይ ይቀንሳል።

ለሌላው ሁሉ ሶኒው ይበልጣል። ሴንሰሩ 13.2 በ8.8 ሚሊሜትር ነው፤ የኒኮኖቹ 6.2 በ4.6 አካባቢ። በስፋት አራት እጥፍ ነው። ለማምሻ፣ ለሰው፣ ቤት ውስጥ፣ ለሚሮጥ ነገር እሱ ነው። በሰከንድ 24 ፍሬም ያነሳል። ፒ900 በሰከንድ 7 ያነሳና ሰባተኛው ላይ ይቆማል፤ ካርዱ ላይ ጽፎ እስኪጨርስ ቆመህ ትጠብቃለህ።

ስለ 3000 ደግሞ፦ ሙሉ ጨረቃ በ2000 የፍሬሙን ቁመት ሦስት አራተኛ ትሞላለች። በ3000 ከፍሬሙ ትወጣለች፣ አትገባም። ይህ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ አስቡት። ከአራት ኪሎ ሆኖ በዚያ ዙም ወፍ መፈለግ በመርፌ ቀዳዳ እንደማየት ነው።


አራት_ኪሎ_ማለዳ

ባለ ካልኩሌተር፣ 55ቱን ስታወጣው ደንግጬ እኔም አሰላሁት። ሦስት ዓመት ሙሉ «የሶኒው ሌንስ ትልቅ ነው» እያልኩ ነበር።

የዶሮ ማነቂያ ልጅ፣ አንተን የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው፦ ምን ልታነሳ ነው? ወፍና ጨረቃ ከሆነ፣ ጠዋት ተነስተህ የምትወጣ ከሆነ፣ ኒኮን። ፒ1000 ሮው አለው፣ ፒ900 የለውም፣ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ግን 1.4 ኪሎ ነው፣ አንገትህ ላይ አንጠልጥለህ ቀኑን ሙሉ አትዞርም። ደመራን፣ ሠርግን፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያለ ሥዕልን ካልክ ሶኒ። በመስከረም 16 ደመራው የሚለኮሰው ሊመሽ ሲል ነው። እኔ በፒ900 ከዙም ወጥቼ፣ ሰፊው ላይ ኤፍ 2.8 ሆኜ፣ ሰዉንና ጭሱን ነው የማነሳው። የዘማሪዎቹን ፊት በዙም ለማምጣት ሁለት ዓመት ሞክሬ ትቼዋለሁ።

አንድ ሌላ ምክር። እነዚህ ካሜራዎች ሲወጡና ሲገቡ አየር ይስባሉ፣ ከአየሩ ጋር አቧራ። ሌንሱ ስለማይነቀል ውስጡ የገባ አቧራ በቀላሉ አይወጣም። ግንባታ ባለበት አካባቢ፣ ዛሬ መሀል ከተማው ደግሞ ከዚያ አያመልጥም፣ ዙሙን ሳትዘጋ አትዙር። እኔ ፌስታል ቀድጄ ሌንሱ ላይ በላስቲክ አስራለሁ። ዝናብም አቧራም ይከላከልልኛል።


አዲስ_ጀማሪ

ወፍ ሳልጠብቅስ በረጅም ዙም ከተማውን ማንሳት ይቻላል? የሕንፃ ነገር ማለቴ ነው። ከሩቅ ያው አየሩ ያበላሸዋል ካላችሁ።


ባለ_ካልኩሌተር

ይቻላል፣ ግን ሙሉ ዙም አይደለም። ከ300 እስከ 600 ባለው ተጠቀም።

ለገሃር፣ የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ያለበት ጋ ቁም። ወደ ላይ፣ ቸርችል ጎዳናን ይዘህ እይ። ዳገቱ ጫፍ ላይ ማዘጋጃ ቤቱ አለ። በባዶ ዓይን ትንሽ ነው። በ500 ስታየው ግን መንገዱ በሙሉ ተጣጥፎ ይመጣል። መኪናው፣ መብራቱ፣ ዛፉ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርቦ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ከላያቸው ላይ እንደ ተራራ ይቆማል። ሰው ይህን ሌንሱ ያደረገው ይመስለዋል። ያደረገው ርቀቱ ነው። ሌንሱ የቆረጠው ከዚያ ርቀት የሚታየውን ነው እንጂ። በ24 አንስተህ መሀሉን ብትቆርጥ ያንኑ ቅርጽ ታገኛለህ፣ ፒክስሉ ግን አይኖርህም።

በእሁድ ጠዋት፣ አንድ ሰዓት ላይ ሂድ። ፀሐይዋ ከቀኝህ ትመጣለች፣ የሕንፃዎቹ ጎን ይበራል፣ አስፋልቱም ገና አልሞቀም። በጥቅምትና በኅዳር ሰማዩ ከሁሉም ወር ይበልጥ ጥርት ይላል።


ጭልፊት

ብሔራዊ ቴአትር ፊት ያለውን የድንጋይ አንበሳም እንዳትረሳ። ከመንገዱ ማዶ ሆነህ በ400 ፊቱን ብቻ። ድንጋዩ ላይ የተጠረበበት ምልክት ይታያል። እኔ ያንን አንበሳ ከልጅነቴ ጀምሮ አልፌዋለሁ፣ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው።


ጋሽ_ፊልም

ልጆች፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ።

አራት ኪሎ ማለዳ በግል ጽፎልኝ ነበር። «ጋሼ፣ አንድ ቀን አብረን እንውጣና ካሜራውን ይሞክሩት» አለኝ። ቅዳሜ ጠዋት ጊዮርጊስ በር ላይ ተገናኘን። ሳልሰለች አልመለስም ብዬ ነበር የሄድኩት።

ግቢው ውስጥ ስምንት ማዕዘኑን ሕንፃ ዞር ስንል፣ ጣሪያው ጠርዝ ላይ ርግቦች ተደርድረዋል። እኔ እነዚያን ርግቦች ዕድሜዬን በሙሉ አውቃቸዋለሁ። ርግብ ርግብ ነው ብዬ ነው። ልጁ ካሜራውን ሰጠኝ፣ ሽንብራውን ከረጢት ግንቡ ላይ አደረገልኝ። ገባሁ፣ ጠፋችኝ፣ ቁልፏን ተጫንኩ፣ ተመለስኩ፣ አገኘኋት። ግራጫ ናት። ከማጅራቷ ላይ ነጭ አንገትጌ አላት፣ እንደ ካህን። ልጁ ይህች ርግብ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ከፍታ ውጭ የትም የለችም አለኝ። ከዚያ ዞር ብላ አየችን። ዓይኗ ላይ ፀሐይዋ ነጥብ ሆና ነበር። የሹተሩን ቁልፍ ለመጫን እንኳን ረሳሁ።

በኋላ ወጥተን አንድ አዛውንት በር ላይ ተቀምጠው ነበር። ልጁ ሄዶ ሰላም አላቸው፣ ጉልበታቸውን ሳመ፣ ጠየቃቸው። ፈቀዱ። ካሜራውን 85 ላይ አድርጎ፣ ሁለት ሜትር ላይ ተቀምጦ አነሳቸው። ስክሪኑን ሲያሳያቸው «ይህ ሁሉ ሽበት የእኔ ነው?» አሉ። ልጁን ከሩቅ እየሰረቀ ነው ካልኳቸው መካከል ቆጥሬው ነበር። ይቅርታ አድርግልኝ፣ ልጄ።

አዲስ ጀማሪ፣ ጭልፊት፣ የምትመጡ ካላችሁ በሚቀጥለው ቅዳሜም እንሄዳለን። አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ እዚያው በር ላይ። እኔ 50 ሚሊሜትሬን ይዤ እመጣለሁ። ግን ርግቧን ድጋሚ ማየት እፈልጋለሁ።


አዲስ_ጀማሪ

እመጣለሁ ጋሼ። ከረጢቱን ማታ አሰፋለሁ። ሽንብራ ቤት የለም፣ ምስር ይሆናል?


አራት_ኪሎ_ማለዳ

ምስር በጣም ጥሩ ነው፣ እንዲያውም ይበልጥ ይመቻል። ግማሽ ድረስ ብቻ ሙላው፣ ከሞላ ሌንሱ አይሰምጥም። ባትሪህን ሌሊቱን ቻርጅ አድርገህ እደር፣ ብርዱ ላይ ቶሎ ያልቃል።